«ሌ ማን»፦ ቀበቶ ያሰረ ውበት

እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የስቲቭ ማክዊን ፊልም «ሌ ማን» ታሪክ የለውም እየተባለ ሲታማ ኖሯል። ሐሜቱ እውነት ነው፤ መጀመሪያው ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል የረባ ንግግር አንሰማም። ቢሆንም ስለ መኪና ውበት ከተሠሩ ፊልሞች እሱን አስቀድማለሁ።

በፈረንሳይ የሚካሄደው የሌ ማን የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ሊጀመር ሲል ማክዊን ቀበቶውን አስሮ ፖርሽ 917 ውስጥ ተቀምጧል። ሞተሩ ጠፍቷል፤ የሚሰማው የልብ ትርታ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ትዕይንት ፊልሙ የለውም። ይህም የተገኘው በሰው ሕይወት ነው። እስከ 1969 ድረስ ሌ ማን ላይ ተወዳዳሪዎች መንገዱን በሩጫ አቋርጠው መኪናቸው ውስጥ ዘለው ይገቡ ነበር፤ ቀበቶ ለማሰር ማን ይታገሣል? በዚያ ዓመት ተወዳዳሪው ዣኪ ኢክስ ይህን በመቃወም እየተራመደ ሄደ፣ ቀበቶውን አሰረ፣ ከሁሉም ኋላ ተነሣ። በመጀመሪያው ዙር ጆን ዎልፍ በ917 ተጋጭቶ ሞተ። ያሸነፈው ኢክስ ነው። በ1970 ሁሉም ቀበቶ አስረው ተነሡ፤ የፊልሙ ካሜራዎችም በዚያው ውድድር ላይ ነበሩ።

ቅር የሚለኝ ፊልሙ የ917ን ቁመና እያስጎመጀ ጉዱን መሸፈኑ ነው። የሾፌሩ እግር ከፊት ጎማዎቹ አልፎ ይዘረጋል፤ ከፊቱ ያለው ቀጭን የአሉሚኒየም ቧንቧና ስስ ፋይበርግላስ ብቻ ነው። በቀረጻው ጊዜ ሾፌሩ ዴቪድ ፓይፐር ተጋጭቶ አንድ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጥቷል። ፊልሙ ግን ግጭትን በዝግታ እየደጋገመ እንደ እስክስታ ያሳየናል።

ከደብረ ታቦር በገሳይ በኩል ወደ ነፋስ መውጫ ሚኒባስ ለሚነዳ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። የእሱም መኪና አፍንጫ የለውም፤ ኩርባውን የሚወርደው የፊት ጎማው ላይ ተቀምጦ ነው። አንዳንዱማ የፊት መስተዋቱን በዘርፍና በፖስተር አስጊጦ (እይታውን ጋርዶ ማለቴ ነው) ቀበቶውን ወንበር ሥር ይወትፈዋል።

የዛሬዎቹ የሌ ማን መኪኖች ሾፌሩን በካርቦን ፋይበር ቅርፊት ይይዛሉ። በ2011 የተወዳዳሪው አለን ማክኒሽ ኦዲ አጥር ላይ ተበታትኖ እሱ በሕይወት ወጥቷል። ብዙ አድናቂ የሚጠላው ጀርባቸው ላይ የቆመው ክንፍ፣ መኪናው ሲሾር ተነሥቶ እንዳይበር የሚረዳ ነው። ለእኔ አያስጠላም፤ ፌራሪ 499ፒም በ2023 ያሸነፈው እሱኑ ተሸክሞ ነው።

ፊልሙን እዩት። ግጭቶቹን ግን ማክዊን እንደሚፈልገው አትዩለት።