ሠራተኛንና ቀጣሪን የሚያገናኝ ሰው

አራት ኪሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆመው ክፍት የሥራ ቦታ የሚለቅሙ ወጣቶችን ያየ ሰው የጥሩ አገናኝ ዋጋ ይገባዋል። ሰሌዳው ላይ ያለው «የሒሳብ ሠራተኛ፣ ዲግሪ፣ ፒችትሪ የሚችል፣ ሁለት ዓመት ልምድ» ብቻ ነው። ቀጣሪውን እንቅልፍ የሚነሳው ግን ወር በደረሰ ቁጥር የደሞዝ ግብርና ቫት በጊዜው ተሰልቶ አለመከፈሉ ነው። ይህን ማስታወቂያው አይናገርም፤ አገናኙ ደውሎ፣ ጠይቆ ያውቀዋል።

ከዚያ የአንዷን አመልካች ሲቪ ያገላብጣል። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ተለማማጅ ሳለች የደሞዝ መክፈያ ታዘጋጅ እንደነበር ያገኛል። «ይሄንን ወደ ላይ አውጪው» ይላታል። ቀጣሪው መቶ ማመልከቻ ከማገላበጥ ይድናል፤ እሷም የታክሲና የኮፒ ወጪ ይቀርላታል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደስተኝ የደሞዙ ነገር ነው። እኛ ዘንድ «ስንት ትከፍላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ያሳፍራል፤ ስንቱ ሦስት ጊዜ ለፈተና ተመላልሶ የማይበቃው ደሞዝ መሆኑን መጨረሻ ላይ ይሰማል። አገናኙ የሁለቱንም ልክ አስቀድሞ ያውቃል።

የአገናኙ ክፍያ ግን ከቀጣሪው መሆን አለበት። ኢትዮጵያም ያጸደቀችው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 በመርህ ደረጃ ከሠራተኛው ክፍያ መቀበልን ይከለክላል። ለመመዝገቢያ ብሎ ከሥራ አጥ ኪስ የሚወስድን ደላላ ከዚህ ሙያ አልቆጥረውም። ሙያተኛው፣ አመልካቿ ሳታልፍ ስትቀር እንኳ ደውሎ ምን እንደጎደላት የሚነግራት ነው።