የአሳማ እርባታ ትምህርት በደምበጫ አካባቢ፤ ስለ አቀራረቡ የቀረበ ሂስ

ስለ እንስሳት እርባታ ከሚሰጠው ትምህርት ውስጥ የአሳማን ክፍል ያህል በችኰላ የሚታለፍ የለም። ከደምበጫ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት፣ በሰሌዳው ላይ ላርጅ ኋይት፣ ላንድሬስ፣ ዱሮክ፣ ሐምፕሻየር የሚሉ አራት ስሞች ተጽፈው፣ ከሥራቸውም «ጥቅሙ፦ ሥጋ፣ ስብ፣ ቆዳ» የሚል አንድ መስመር ተጨምሮ ተመልክተናል። ተማሪዎቹ ሣቁ፤ ቃሉ በመንደሩ ስድብ ነውና። ከዚያም ገለበጡ፤ መምህሩም ወደ ዶሮ ተሻገሩ። ከአራቱ ዝርያዎች አንዱን እንኳ በዓይኑ ያየ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

ይህ መምህሩን ለመውቀስ የተነገረ አይደለም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመኑም ሙስሊሙም ከአሳማ ሥጋ በሚርቅበት አገር፣ መምህሩ አፍሮ ቢያልፈው አያስደንቅም። ስሕተቱ ትምህርቱ ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። የደምበጫ ልጅ ስለ ላንድሬስ ባያውቅም፣ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የተነገሩትን ሁለት ምልክቶች ከቤቱ ይዞ ይመጣል፦ ሰኮናው የተሰነጠቀ መሆኑንና ማመስኳቱን። አሳማ የመጀመሪያው አለው፤ ሁለተኛው የለውም። የሚያመሰኳው በሬ ባለ አራት ክፍል ጨጓራው ሣሩንና ገለባውን ወደ ሥጋና ጉልበት ይለውጣል፤ አሳማ ግን እንደ ሰው ባለ አንድ ጨጓራ ስለሆነ በገለባ አያድርም። እህል፣ ሥራሥርና ትርፍራፊ ይሻል። እንግዲህ ለአሳማ የሚሰፈረው በቆሎ ከቤተሰቡ ጎተራ የሚወጣ በቆሎ ነው። ተማሪው ይህን ለመረዳት ሥዕል እንኳ አያስፈልገውም።

ከርከሮም አለ። በቆሎውንና ድንቹን ከከርከሮ ሲጠብቅ ያደገ ልጅ የአሳማን ዘመድ ከመምህሩ ይልቅ ያውቃል። በኬንያ ጥናት ተደርጎበት በ1921 እ.ኤ.አ. የተገለጸው የአፍሪካ አሳማ ወረርሽኝ በከርከሮ ሳይታወቅ ይኖራል፤ በጉድጓዱ ውስጥ ያሉ መዥገሮች ያስተላልፉታል፤ ከርከሮውን ሳይጎዳ የቤቱን አሳማ ግን በጅምላ ይፈጃል። ሰውን አይዝም። በአገራችን በሽታው የተጠረጠረበት የመጀመሪያው ሪፖርት በ2003 ዓ.ም. ቀርቧል፤ ከ2011 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. የተሰበሰቡ 23 ናሙናዎች ሲመረመሩም፣ ቀድሞ ያልታወቀ የቫይረስ ዓይነት ተገኝቶ ጂኖታይፕ 23 ተብሏል። በ2018 እ.ኤ.አ. ቻይና የገባው ወረርሽኝ የዚያችን ሀገር እርባታ እንዴት እንዳናጋው የሰማ መምህር፣ ከአራቱ ስሞች ይልቅ ይህን ቢተርክ ክፍሉ ባልሣቀ ነበር።

ሙያ ስለ መምረጥ የሚነገረው ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በወረቀት ላይ አሳማን የሚያህል የለም። እናቲቱ 114 ቀን ያህል አርግዛ ዐሥር የሚያህሉ ግልገሎች ትወልዳለች፤ በግ ግን 150 ቀን ያህል ቆይታ አንድ፣ የዋሸራ ዝርያ ከሆነች አንዳንዴ መንታ ትወልዳለች። ይህን ስሌት ብቻ ይዞ ለወጣቶች «ተደራጁና አሳማ አርቡ» የሚል መካሪ፣ ገዢው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ብድር ያስይዛቸዋል። የአገራችን አሳማ ገበያ በአብዛኛው በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ ዙሪያ፣ በሆቴሎችና በውጭ ዜጎች ላይ የተመሠረተ ነው፤ ከደምበጫ እስከዚያ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የዋሸራ ሙክት ግን ለፋሲካ ከደጅ ይሸጣል። ፕላን አውጪዎች የምርቱን ብዛት ሲያሰሉ ይህንን ከስሌቱ ውጭ ሊያደርጉት አይገባም።

ይሁን እንጂ ከአሳማ ጋር የሚያገናኝ ሙያ ማርባት ብቻ አይደለም። በቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና የሚማር የጎጃም ልጅ አሳማን ሳያውቅ ሊመረቅ አይችልም፤ ሥጋ መርማሪውም የኮሶ ትል እጭን ከበሬውም ከአሳማውም ሥጋ መለየት ይኖርበታል። ሁለቱም ሙያዎች አሳማ መብላትን አይጠይቁም፤ ይህን በግልጽ መንገር ወላጅንም ያረጋጋል።

መርሐ ትምህርቱ በሚከለስበት ጊዜ የአሳማው ክፍል ከዶሮው ፊት ተነሥቶ ከምግብ መፈጨት ትምህርት አጠገብ ቢቀመጥ፣ አራቱ ስሞችም ለኮሌጅ ቢቆዩ፣ መምህሩ የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ይኖረዋል።