«ጄነሲስ» የሚለውን ቃል በአማርኛ ስለ መመለስ

በተማሪዎች የጥናት ጽሑፍ ርእስ ላይ «ጄነሲስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አዘውትሮ ይታያል። የአንድ መሥሪያ ቤት፥ የአንድ ሠፈር፥ የአንድ ሐሳብ፥ የአንድ ተራራም ጄነሲስ እየተባለ ይጻፋል። ጽሑፉ ወደ አማርኛ ሲመለስ ቃሉ ብዙ ጊዜ «ልደት» ይሆናል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ አመላለስ በሁሉ ስፍራ ይስማማል ወይ ብሎ መመርመር ነው። ነገሩ ተራ የቃል ምርጫ ይመስል ይሆናል፤ ዳሩ ግን አንድ ነገር ወደ መኖር እንዴት እንደ መጣ የምንናገርበት ቃል፥ ያን ነገር ማን እንዳስገኘውና ከመቼ ጀምሮ እንደሚቈጠር አስቀድሞ ይፈርዳል። ለምሳሌ የተመረጠው ስሙ ራሱ ከልደት የወጣው የአዲስ አበባው የልደታ ሠፈር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ፥ ልዩ ካልተባለ በቀር፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

፩. የእንግሊዝኛው ቃል

እንግሊዞች ቃሉን በላቲን በኩል ከግሪክ ወሰዱት። የግሪኩ ግሥ «ሆነ» ማለትም «ተወለደ» ማለትም ስለሚሆን፥ ከርሱ የወጣው ስም መሆንንና መወለድን በአንድነት ይይዛል። አይሁድ የመጀመሪያውን የሙሴ መጽሐፍ በመክፈቻ ቃሉ «በመጀመሪያ» ብለው ይጠሩታል፤ የግሪኩ ትርጉም ግን «ጄነሲስ» አለው። ይህ ስም በመጽሐፉ ውስጥ «ቶሌዶት» የሚለውን የዕብራይስጥ ቃል ለመተርጐም የገባው ነው። «ቶሌዶት» ደግሞ ለእኛው «ወለደ» የቅርብ ዘመድ ነው፤ እኛ «ወ» በምንልበት ዕብራይስጡ «የ» ይላል እንጂ ሥሩ አንድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ግን ቃሉ በእንግሊዝኛ ከማሕፀን ርቋል። አንድ እንግሊዛዊ የአንድን ጦርነት ጄነሲስ ሲጽፍ ስለ እናትም ስለ አዋላጅም አያስብም፤ መወለድን ለይቶ ሊናገር ቢፈልግ ሌላ ቃል አለው። ስለዚህ «ጄነሲስ»ን ሁልጊዜ «ልደት» ብሎ የሚመልስ ሰው፥ እንግሊዝኛው የጣለውን ትርጉም መልሶ ይጭንበታል።

፪. «ልደት» በእኛ ዘንድ

በአማርኛ ልደት ከማሕፀን አልራቀም። ይህን ለማየት ልደታ ድረስ መሄድ ይበቃል። «ልደታ» የግእዝ ቃል ሲሆን ፍችው «ልደቷ» ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ ስም «ልደታ ለማርያም» ይባላል። የሠፈሩ ሰው ግን ባለቤቷን ትቶ «ልደቷ» የሚለውን ብቻ ያዘ። የማን ልደት እንደ ሆነ ሁሉ ያውቃልና የሚጠይቅ የለም። በዓሉ ግንቦት 1 ቀን ነው። በዚያን ዕለት ጎረቤት ከቤቱ ወጥቶ በደጅ ንፍሮውን በአንድነት ይበላል፤ እመቤታችን የተወለደችው ከቤት ውጭ በሊባኖስ ተራራ ነው ይባላልና። የየወሩም የመጀመሪያ ቀን በዚሁ ስም ልደታ ይባላል።

እንግዲህ ልደት ሦስት ነገር ይሻል፤ ወላጅ፥ ተወላጅና ቀን። ቃሉ ከሰው ርቆ በሄደበት ስፍራ እንኳ እነዚህን ይዞ ይሄዳል። «ወለድ» የምንለው የገንዘብ ትርፍ ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ በግሪክም ልጅንና ወለድን የሚጠራው ቃል አንድ ነው። በወለድ ነገር ወላጁ ዋናው ገንዘብ፥ ተወላጁ ትርፉ፥ ቀኑም በውል የተቈረጠው ቀን ነው። ሙግት ይዞ ልደታ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ባለዕዳ ይህን የሰዋስው ትምህርት ያለ መምህር ያውቀዋል።

ልደትን ከፍጥረት መለየትም ለእኛ የቋንቋ ጌጥ አይደለም። በ325 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ስለ ወልድ የሰጡት ውሳኔ በእነዚህ በሁለቱ ቃላት ልዩነት ላይ የቆመ ነው። በአገራችንም ሁለት ልደትና ሦስት ልደት የሚባለው ክርክር ሊቃውንትን ለረጅም ዘመን ከፍሎ፥ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የሦስት ልደት ወገን ተረታ። የልደትን ቍጥር እስከዚህ ድረስ ያከበረ አገር ቃሉን በየርእሱ ላይ እንደ ዋዛ ሊበትነው አይገባም።

፫. አማርኛ ያሉት ሌሎች ቃላት

እንግሊዝኛው በአንድ ከረጢት የያዘውን አማርኛ በብዙ ዕቃ ለይቶ አስቀምጦታል። «ፍጥረት» ካልነበረ ነገር የሚያስገኝ ፈጣሪን ይጠይቃል። «ምሥረታ» መሠረት የሚጥል ሰውና የታወቀ ውል ይፈልጋል። «ምንጭ» ከመሬት በታች አስቀድሞ የነበረ ውሃ መኖሩን ያሳስባል። «ጥንስስ» ከጠላ ጠማቂዋ የተወሰደ ነው፤ ጌሾው ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ በጋን ውስጥ ይቆያል፤ ነገሩ ተጀምሯል፥ ጠላ ግን ገና አልሆነም። የልደት ቀን አለ፤ የጥንስስ ግን ቀናት እንጂ አንድ ቀን የለውም።

ይህን በአንድ ምሳሌ እንፈትነው። «የኢትዮጵያ አየር መንገድ ልደት» ቢባል ቀኑ የትኛው ነው? ኩባንያው የቆመው በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቲ. ደብልዩ. ኤ. ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። የመጀመሪያው መደበኛ በረራ የተደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ነው፤ መናኸሪያውም የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነበረ፤ ኋላ ለጄት የማይበቃ ሆኖ ቦሌ ተሠራ። ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። «ልደት» ያለ ጸሓፊ ከሦስቱ አንዱን ይመርጥና ሁለቱን ይጥላል። የ1921ቱን ጥንስስ፥ የታኅሣሡን ምሥረታ፥ የመጋቢቱን የሥራ መጀመሪያ ያለ ግን አንዱንም አልጣለም፤ አንባቢም የቱ ከየቱ እንደ ተከተለ በቃላቱ ብቻ ይረዳል።

፬. ስለ ቃል ሳይሆን ስለ ቅርጽ

እንግሊዝኛው በ«ጄነሲስ» ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «መቼ?» ሳይሆን «እንዴት?» የሚለውን ነው። ለዚህ ደግሞ አማርኛ የሚመልሰው በአንድ ቃል ሳይሆን በአንድ የሰዋስው ቅርጽ ነው፤ አፈጣጠር፥ አመሠራረት፥ አጀማመር፥ አነሣሥ፥ አመጣጥ፥ አበቃቀል፥ አወላለድ እንላለን። የተራራው አፈጣጠር፥ የማኅበሩ አመሠራረት፥ የዐመፁ አነሣሥ፥ የልማዱ አመጣጥ ቢባል ማንም አይሰናከልም። የዚህ ቅርጽ ጥቅሙ ጸሓፊውን ማስገደዱ ነው፤ ቅርጹን ለማበጀት አስቀድሞ ግሡን መምረጥ አለበት፤ ግሡንም ለመምረጥ ነገሩ ተፈጠረ ወይስ ተመሠረተ፥ ተነሣ ወይስ በቀለ የሚለውን ማወቅ ይኖርበታል። በእንግሊዝኛው «ጄነሲስ» ሥር ይህን ሳያውቁ መጻፍ ይቻላል።

፭. ተቃውሞና መልስ

ቋንቋ በምሳሌያዊ አነጋገር ያድጋልና መከልከል አይገባም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ቍጥር 4 ስለ ሰማይና ስለ ምድር ሲናገር «ልደት» ይላል፤ በምዕራፍ 5 ቍጥር 1 ስለ አዳም ሲናገር ደግሞ «ትውልድ» ይላል። ሊቃውንቱም መጽሐፉን ዘፍጥረትም ዘልደትም ይሉታል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ዕብራይስጡ በሁለቱም ስፍራ «ቶሌዶት» ሲል፥ የአማርኛው ተርጓሚ አንድ ቃል አላበቃውም፤ በየስፍራው መዝኖ መረጠ እንጂ። የምንጠይቀውም ይህንኑ መመዘን ነው።

የመመዘን አብነት በቅርብ ዘመንም አለ። ፈረንሳዮች «ሬኔሳንስ» ሲሉ ዳግመኛ መወለድ ማለታቸው ነው። የእኛ ተርጓሚዎች ግን «ህዳሴ» አሉ፤ ማደስ ማለት ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሥራው ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ የተሰየመው በዚህ ቃል ነው። ዳግመኛ የሚወለድ አዲስ ሕይወት ይጀምራል፤ የሚታደስ ግን የነበረ ነው። ስሙን ያወጣው ሰው አገሪቱ ቀድሞ እንደ ነበረች መሰከረ።

ይህ ልዩነት ለልደታ ሠፈር ራሱ የሚጠቅመው ከሁሉ ይበልጣል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የሠፈሩ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው የፎቅ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም በዚያ ጣቢያ አለው። የዚህን ለውጥ ታሪክ የሚጽፍ ተማሪ «የአዲሱ ልደታ ልደት» ብሎ ቢጀምር፥ የተወለደ ነገር ከመወለዱ በፊት በዓለም ላይ አይታይምና፥ በዚያ መሬት ላይ ኖረው ልጆች ያሳደጉ፥ ዕድር የመሠረቱ፥ ግንቦት 1 ቀን በደጃቸው ንፍሮ የቀቀሉ ሰዎች ከታሪኩ ይወጣሉ። ቤታቸውን ያፈረሰው ዶማ ነው፤ ከመጽሐፍ የሚያወጣቸው ግን ርእሱ ነው። «የልደታ ሠፈር አለዋወጥ» ቢል ግን ስለ ማን መለወጥ እንደሚጽፍ ለመናገር ይገደዳል።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አሳብ በአጭሩ ይህ ነው። ወላጅ፥ ተወላጅና ቀን ሲገኙ «ልደት» እንበል፤ ከሦስቱ አንዱ ሲጐድል ግሡን ፈልገን በራሱ ቅርጽ እንጻፈው። መምህራንና ባልንጀሮቻችን የጥናት ርእሶቻቸውን በዚህ ሚዛን ቢመረምሩና የሚጐድለውን ቢያሟሉ፥ ሥራው ከአንድ ሰው ጽሑፍ የተሻለ ይሆናል።