ዳር ዳሩን

የጀልባ ቀዛፊነቱን ሥራ በቅርቡ የጀመረ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ሰው የሚከፍለው ሐይቁን ሊያይ ነው፤ ለምን መሀል አውጥተው ዞር ዞር አድርገው አይመልሱትም?» አለኝ። ሞተር ጀልባ ያላቸው የሚሠሩት እንደዚያ ነው፤ ተንደርድረው መሀል ይገባሉ፣ ፎቶ ይነሡና ይመለሳሉ።

እኔ በዚህ አልስማማም። መሀል የገባ ሰው የሚያየው ውሃ ብቻ ነው። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው ብትለውም ዓይኑ የሚያርፍበት የለም። የሐይቅ ነገር ያለው ዳሩ ላይ ነው። ይህ ውሃ ከአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣውንና የተራሮቹን ጎርፍ ይቀበላል እንጂ ከሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ መሙላት መጉደሉ የሚታወቀው በዳሩ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ቦታ ራሱ ድሮ ደሴት ነበር። ውሃው ሲሸሽ ከየብሱ ጋር ተያያዘ፤ ዛሬ በእግር ይኬዳል። በመኪና የመጣ ሰው ይህን ልብ አይለውም። በጀልባ ዳር ዳሩን ይዘህ ስትቀዝፍ ግን የት ድረስ ውሃ እንደነበረ መሬቱ ራሱ ያሳይሃል።

ገዳሙ አጠገብ ስደርስ መቅዘፊያዬን አነሣለሁ። ከጫፉ የሚወርደው ጠብታ እስኪሰማ ዝም እላለሁ። ከዚያ ነው ስለ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ የማወራው፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ሲያስተምሩ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሳቸው እግር ሥር እንደተማሩ፣ መምህሩ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ከ700 ዓመት በኋላም እንዳለ። የአምባሰልን ቅኝት በስልኩ የሚከፍት እንግዳ አይጠፋም። አምባሰል አገራችን ነው፣ ዘፈኑንም እወደዋለሁ፤ እዚያች ቦታ ላይ ግን «ዝጋልኝ» እላለሁ።

ግትር ይሉኛል። እኔን ግትር ያደረገኝ የሴቶቹ ነገር ነው። ገዳሙ ሴት አያስገባም። ከደሴ፣ ከወልድያ፣ ከዚያም ርቀው የሚመጡ እናቶች ደጁ ላይ ይቀራሉ። ለነሱ ገዳሙን ዞሮ ማየት የሚቻለው ከውሃው በኩል ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ለእስጢፋኖስ ስትሳል ኖራ፣ ዙሪያውን ያየችው በኔ ጀልባ ነው። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ በአንድ እጇ የጀልባውን ጠርዝ ጨብጣ፣ «ቀስ በል ልጄ፣ ገና አልጨረስኩም» አለችኝ። እየጸለየች ነበር። ይህን ሥራ እንጀራዬ ብቻ ነው ብዬ የማስበው እስከዚያ ቀን ነበር።

እናቶች ሲመጡ የምቀጥራቸው ማለዳ ነው፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ከተነሣ ዳሩን ይዞ ዝግ ማለት አይቻልም። ቸኩያለሁ የሚለኝን እንግዳ ሌላ ጀልባ አሳየዋለሁ።