«ማኅተም» ወይስ ዘይት ጠራጊ? ስለ አንድ የሞተር ጥገና መመሪያ ትርጉም

ለአስተያየት ከሚላኩልን የሙያ ትርጉሞች መካከል አንዱን በዚህ እትም በዝርዝር ልንመለከተው ወደናል። ጽሑፉ በፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ሞተር ላይ፣ በቫልቮላ ዘንግ ዙሪያ የሚገቡት ትንንሽ የዘይት ጎማዎች እንዴት እንደሚለወጡ የሚያስረዳ የእንግሊዝኛ መመሪያ ትርጉም ነው። የተርጓሚውን ስም አናነሣም፤ ድካማቸው የሚናቅ አይደለም፣ ስሕተታቸውም የእርሳቸው ብቻ አይደለም።

አስቀድሞ ነገሩን እንረዳ። መኪናው በቶሪኖ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን፣ ሞተሩን የነደፉት ቀደም ሲል በፌራሪ ይሠሩ የነበሩት መሐንዲስ አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ናቸው። የመጀመሪያው ሞተር ይዘት 1,438 ሳንቲ ሜትር ኩብ ነበር። አራት ሲሊንደርና ስምንት ቫልቮላ አለው፤ በቴስታታው ላይ የተቀመጡት ሁለቱ ካምሻፍቶች ባለጥርስ በሆነ የጎማ ቺንጋ ይዞራሉ። የእያንዳንዱ ቫልቮላ ዘንግ በጠባብ የብረት ወይም የነሐስ ቱቦ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ካምሻፍቱን የሚያለሰልሰው ዘይት በዚህ ቱቦ በኩል ወደ ታች እንዳይንጠባጠብ፣ በቱቦው አፍ ላይ ትንሽ የጎማ ቆብ ይደፋል። ይህች ጎማ በሙቀት ብዛት ስትደርቅና ስትሰነጠቅ ሞተሩ፣ መካኒኮቻችን እንደሚሉት፣ «ዘይት ይበላል»።

ተርጓሚው ይህችን ጎማ «የቫልቭ ማኅተም» ብለዋታል። መዝገበ ቃላት ገልጠው የመጀመሪያውን አቻ እንደወሰዱ ግልጽ ነው። ይህን የሚደግፍ ሰው «ኀተመ» በግእዝ መዝጋትንም ያመለክታል ብሎ ሊከራከረን ይችላል። ክርክሩ ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን ሁለት ጊዜ ይወድቃል። አንደኛ፣ የዛሬው አማርኛ ተናጋሪ ማኅተም ሲባል የሚታየው ከደብዳቤ ግርጌ የሚያርፈው ክብ ቀለም ነው። ሁለተኛውና ዋናው ግን፣ «መዝጋት» የሚለው ትርጉም ቢያዝ እንኳ የጎማዋን ሥራ አይገልጽም። የጎማዋ ከንፈር ከዘንጉ ላይ ዘይት ይጠርጋል እንጂ ፈጽሞ አያግድም፤ ዘንጉና ቱቦው እንዳይፋጩ ስስ የዘይት ሽፋን እንድታሳልፍ ሆና የተሠራች ናት። ቃሉ ያሳሳታቸው ተርጓሚ በአንድ ገጽ ላይ ዘይት ጨርሶ ማለፍ የለበትም ይላሉ፤ ጥቂት ዝቅ ብለው ደግሞ ጎማዋ ከመግባቷ በፊት ዘንጉ ዘይት ይቀባ ይላሉ። የመጀመሪያውን ያመነ ሠልጣኝ ሁለተኛውን እንደ ስሕተት ቆጥሮ ጎማዋን በደረቁ ቢያስገባት፣ ሞተሩ ገና ሲነሣ ከንፈሯ ይላጣል።

በነገራችን ላይ «ከንፈር» የሚለው አቻ የተርጓሚው ምርጥ ሥራ ነው። አማርኛ ለማሽን «ጥርስ»ን፣ ለጠርሙስ «አንገት»ን ከሰጠ ቆይቷልና፣ ከንፈርም ያለ ማብራሪያ ይገባል። ቫልቮላው የሚያርፍበትን «መቀመጫ» ማለታቸውም መልካም ነው።

የቀሩት ስያሜዎች ግን እንዲህ አልቀናቸውም። ሞላውን «ምንጭ» ብለውታል፤ ከምንጭ ውኃ ይቀዳል እንጂ ቫልቮላ አይመለስም። ከሁሉ የከፋው ዘንጉ የሚመላለስበትን ቱቦ «መሪ» ማለታቸው ነው። በመኪና ቋንቋ መሪ ነጂው በእጁ የሚይዘው ነው። ዋናው መመሪያ እጅግ ጠቃሚ ማስጠንቀቂያ አለው፤ ይኸውም ቱቦው ተበልቶ ከሰፋ ዘንጉ ወደ ጎን ስለሚወዛወዝ አዲሷ ጎማ ብዙ ሳትቆይ ትበላሻለች፣ ስለዚህ ጎማ ከመለወጥ በፊት የቱቦው ልክ ይመርመር የሚል ነው። በትርጉሙ ይህ «የላላ መሪ» ሆኗል። አንባቢው ከሞተሩ ተነሥቶ ወደ ነጂው ወንበር ቢሄድ አንፈርድበትም። እኛ «የዘንግ ቱቦ» ብንለው እንመርጣለን።

እዚህ ላይ አንዳንድ ባልደረቦቻችን፣ የመለዋወጫ ነጋዴው «ቫልቭ ሲል» እያለ ሲሸጥ እኛ ለምን እንደክማለን ይሉናል። ነጋዴው ለመሸጥ አልተቸገረም። የሚቸገረው ጸሐፊው ነው። «ሲል» በአማርኛ ከ«አለ» የሚወጣ ግሥ በመሆኑ፣ «ቫልቭ ሲል» ያለውን አንባቢ አንድ ሰው «ቫልቭ» ብሎ እንደተናገረ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። በእርግጠኛ አመልካች «ሲሉ» ሲሆን ደግሞ ተናጋሪዎቹ ይበዛሉ። በንግግር ዐውዱ የሚፈታውን አሻሚነት፣ ገጽ ሙሉ ትእዛዝ በሚነበብበት ጽሑፍ ውስጥ መታገሥ አይገባም።

ይህን ስንል የውሰት ቃልን ሁሉ እናባርር ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። ቫልቮላ፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞላ ከኢጣልያንኛ መጥተው በጋራዦቻችን የአማርኛን አነባበብና እርባታ ለብሰዋል። ተርጓሚው «ቫልቮላ»ን ትተው «ቫልቭ»ን የመረጡት አንዱ ባዕድ ሌላው አገርኛ ስለሆነ አይደለም፤ ሁለቱም ባዕድ ናቸው። ልዩነቱ ቫልቮላ በሠራተኛው አፍ የቆየ መሆኑ ነው። ቫልቮላ በኢጣልያንኛ የኤሌክትሪክ ፊውዝንም ይጠራል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን ፊውዝና ሞላ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ እምብዛም አይገናኙም። ለጎማዋ «የቫልቮላ ዘይት ጠራጊ» የሚለውን የምናቀርበውም በዚሁ መንገድ ነው። ፒስተኑ ላይም ዘይት የሚጠርግ ቀለበት አለ፤ ለእርሱ ግን ጋራዡ «ፋሻ» የሚል ስም ስላለው ግጭት አይፈጠርም።

ስለ ስያሜ ይህን ያህል ካልን፣ ከዚህ የበለጠ ወዳሳሰበን ወደ ዐረፍተ ነገር አሠራር እንለፍ። የቃል ስሕተት ቢበዛ ያስቃል፤ የአገባብ ስሕተት ሞተር ያበላሻል።

ዋናው መመሪያ ጥፋቱ የጎማዋ ነው ወይስ የፋሻው የሚለው የሚለይበትን ምልክት ይሰጣል። መኪናው አድሮ ሲነሣ፣ ወይም ረጅም ቁልቁለት ነዳጅ ሳይረገጥ ከወረደ በኋላ ነዳጅ ሲረገጥ ሰማያዊ ጢስ ቢያወጣ ጥርጣሬው ወደ ጎማዋ ነው። ምክንያቱም ነዳጅ ሳይረገጥ ሲወርድ በአየር ማስገቢያው በኩል የሚፈጠረው ብርቱ ስበት በተበላሸችው ጎማ በኩል ዘይት ይስባል፤ ያ ዘይት የሚቃጠለው ነዳጅ ሲረገጥ ነው። ጭኖ ዳገት ሲወጣ ሳያቋርጥ የሚጤስ ከሆነ ግን ፋሻውን መጠርጠር ይሻላል። ተርጓሚው «ከወረደ በኋላ ሲረገጥ» የሚለውን ጥምር ሐረግ አሳጥረው «ቁልቁለት ሲወርድ» አድርገውታል። በአንድ ሐረግ መጉደል የምርመራው መሠረት ጠፋ፤ መካኒኩ ጢሱን በማይታይበት ሰዓት ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህም ይከፋል። ቴስታታው ሳይወርድ ጎማዋን ለመለወጥ፣ ሞላው ከመፈታቱ በፊት በካንዴላው ቀዳዳ በኩል የታመቀ አየር መሙላት፣ ወይም ለስላሳ ገመድ አስገብቶ ፒስተኑን ወደ ላይ ማስጠጋት ያስፈልጋል። ያለዚያ ቫልቮላው ወደ ሲሊንደሩ ሊወድቅ ይችላል፤ ከወደቀ ቴስታታውን ማውረድ ግድ ይሆናል። እንግሊዝኛው ትእዛዙን አስቀድሞ ቅድመ ሁኔታውን በስተኋላ ያመጣል። አማርኛ ግን በባሕርዩ «ከማድረግ በፊት» የሚለውን አስቀድሞ ዋናውን ግሥ በመጨረሻ ያስቀምጣል፤ እንደዚህ ላለ ጽሑፍ የታደለ ቋንቋ ነው። ተርጓሚው ይህን ጸጋ ትተው ሞላው ይጫን፣ ቫልቮላው ይፈታ ካሉ በኋላ በተለየ ዐረፍተ ነገር አየር መሞላት ነበረበት ይላሉ። መፍቻ በእጁ ይዞ መስመር በመስመር የሚያነብ ሰው ያን ዐረፍተ ነገር የሚደርስበት ቫልቮላው ከወደቀ በኋላ ነው።

የብዛት ነገርም አለ። ሞላውን በቦታው የሚይዙት፣ በየዘንጉ ጫፍ ላይ ያሉ ሁለት ግማሽ ሾጣጣ ቁልፎች ናቸው። ተርጓሚው በጥሬው «ሁለቱ ጠባቂዎች ይውጡ» ብለዋል። በስምንት ቫልቮላ ላይ ዐሥራ ስድስት ቁልፍ አለ፤ «ከየቫልቮላው ሁለት ሁለት» ቢሉ ኖሮ በ«የ»ና በድግግሞሹ ነገሩ ባለቀ ነበር። በላምፕሬዲ ሞተር ላይ የክፍተት ማስተካከያ ክብ ቁራጮችም እያንዳንዳቸው ወደ መጡበት ቦታ ሊመለሱ ይገባል፤ በትርጉሙ «ወደ ቦታቸው ይመለሱ» መባሉ ይህን አያስገድድም።

ስለ ጎማው ዓይነት በአጭሩ እንለፍ። ናይትሪል የተባለው ጎማ እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ፍሎሮካርቦን የተባለው እስከ 200 ገደማ ሙቀት ይችላል፤ ተርጓሚው ሁለቱንም «ጎማ» ብለው አልፈዋል። ስሞቹ በድምፃቸው ተጽፈው ቢገቡ የሚነቅፍ አይኖርም።

አንድ ስያሜ ግን እኛንም አከራክሮናል። ፒስተኑ ሽቅብ ወጥቶ የሚቆምበትን ጫፍ ተርጓሚው «የላይ የሞተ ማዕከል» ብለውታል። ኢጣልያንኛውም «የሞተ ነጥብ» ስለሚል ጥፋቱን በእርሳቸው ላይ መጫን አይቻልም፤ በአማርኛ ግን የሚሞት ማዕከል የለም። ለጊዜው «የላይ መመለሻ» የሚለውን አቅርበናል። የተሻለ ያላቸው አንባብያን ይጻፉልን።