ከጉዞው ይልቅ ሸክሙ፦ ስለ ልዕለ ጀግና ልቦለድ አነባበብ

ስለ ልዕለ ጀግና ልቦለድ የሚጻፉ ጥናቶች መንደርደሪያቸው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ጆሴፍ ካምቤል በ1949 ያሳተመው «ባለ ሺህ ፊቱ ጀግና» ይጠቀሳል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ጥሪ፣ እምቢታ፣ ደፍ መሻገር፣ ፈተና፣ መመለስ የሚሉት ደረጃዎች ይደረደራሉ። ከዚያ ሱፐርማን ወይም ስፓይደርማን በየደረጃው ሥር ይመደባል። ሠንጠረዡ ሲሞላ ጥናቱም ያበቃል። ይህ አነባበብ ዘርፉን ያከበረ ይመስላል እንጂ የሚያከብረው በተውሶ ክብር ነው፤ የራሱ የሆነውን ጥሎ ከሆሜር ጋር የሚጋራውን ብቻ ያነሳለታል። የልዕለ ጀግና ልቦለድ ለዓለም ሥነ ጽሑፍ ያዋጣው አንድ አርኪታይፕ (መሠረታዊ የገጸ ባሕርይ አምሳያ) አለ ብዬ አምናለሁ። እሱም ተጓዡ ጀግና አይደለም።

ካምቤል ሰፊ ንባብ የነበረው የተረት አዋቂ ነው፤ ጥፋቱም የእሱ ብቻ አይደለም። ክሪስቶፈር ቮግለር በ1980ዎቹ አጋማሽ የካምቤልን ሐሳብ ለሆሊዉድ ስክሪፕት ጸሐፊዎች በአጭር ማስታወሻ ካዘጋጀ ወዲህ፣ መተንተኛ የነበሩት ደረጃዎች ፊልም መሥሪያ ሆኑ። በካምቤል ተሠርቶ የወጣን ፊልም በካምቤል የሚተነትን ተቺ፣ ጸሐፊው አውቆ ያስቀመጠለትን ከማንሳት የዘለለ ሥራ አልሠራም።

የኮሚክ መጽሔቱ ነገር ደግሞ ከዚህም ይለያል። የሆሜር ጀግና የኦዲሲዩስ ታሪክ የሚያልቀው አገሩ ኢታካ ገብቶ ቤቱን ሲያስከብር ነው። በየወሩ የሚታተም ጀግና ግን የሚገባበት ኢታካ የለውም። ዛሬ ያዳናት ከተማ በሚቀጥለው ወር እንደገና ትታመሳለች። ቢያገባ፣ ቢያርፍ፣ ሹመት ቢያገኝ መጽሔቱ ይቆማል። የጉዞው ሠንጠረዥ የሚገጥመው ለጀግናው አጀማመር ብቻ ነው፤ አጀማመሩ ደግሞ በጣት የሚቆጠር ገጽ ነው። የስፓይደርማን መነሻ በ1962 በስታን ሊና በስቲቭ ዲትኮ ሲቀርብ 11 ገጽ ነበር። በእነዚያ 11 ገጾች ውስጥም ቢሆን ፒተር ፓርከርን የጠራው አማልክት ወይም ዕጣ ፈንታ የለም። አንድ ፖሊስ ሌባ እያባረረ «ያዘው» ሲል ልጁ የእኔ ጉዳይ አይደለም ብሎ መንገድ ለቀቀ፤ ሌባው ሊፍት ገብቶ አመለጠ፤ በኋላም አጎቱን ቤንን የገደለው ያው ሰው ሆኖ ተገኘ። ይህን «ጥሪን እምቢ ማለት» ብሎ መመደብ፣ ማናችንም በየቀኑ የምንፈጽመውን ተራ ቸልተኝነት በትልቅ ስም መሸፈን ነው። የዚህ ልጅ ጀግንነት የሚጀምረው ከዕዳ ነው።

ከካምቤል ይልቅ ለዘርፉ ቀርቦ ያየው ጣሊያናዊው ሐያሲ ኡምቤርቶ ኤኮ ነበር። በ1962 ስለ ሱፐርማን በጻፈው ጥናት፣ እያንዳንዱ ድርጊት ሰውን ወደ ሞቱ አንድ እርምጃ እንደሚያስጠጋው፣ ሱፐርማን ግን እንዳያረጅ ሲባል እያንዳንዱ ታሪክ ያለፈው እንዳልሆነ ተቆጥሮ እንደሚጀመር አሳየ። ይህ ግሩም ትንተና ነው። ቀጥሎም ዓለምን መለወጥ የሚችል ኃይል ያለው ጀግና የባንክ ዘራፊ ሲያሳድድ መዋሉን ነቀፈ፤ ክፋት ማለት በንብረት ላይ የሚሰነዘር ጥቃት ብቻ ሆነ አለ። እዚህ ላይ ግን ኤኮ ፊቱ የነበረውን የ1950ዎቹን ሱፐርማን የዘርፉ ሁሉ ባሕርይ አድርጎ ወሰደው።

ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር በ1938 ያቀረቡት ሱፐርማን ሌላ ሰው ነው። ሁለት ወጣቶች፣ የኢኮኖሚው ድቀት ገና ባልለቀቃት ክሊቭላንድ ውስጥ የፈጠሩት ጀግና በመጀመሪያው ዕትም ላይ ሚስቱን የሚደበድብ ባል ይቀጣል፤ በግፍ ሞት የተፈረደባትን ሴት ያስጥላል። በሦስተኛው ዕትም ደግሞ የማዕድን ሠራተኛ መስሎ ጉድጓድ ይወርድና የደኅንነት መሣሪያው መበላሸቱን ያያል። የማዕድኑ ባለቤት ግብዣ ደግሶ ነበር። ባለቤቱና የክት የለበሱ እንግዶቹ መሬት ውስጥ ሲወርዱ ሱፐርማን መውጫውን ይዘጋባቸዋል፤ ያ ብልሹ መሣሪያ እንዲሠራላቸው ሲለምኑ ይተዋቸዋል። በ1939 መጀመሪያ ላይ የድሆች ሰፈር አፍርሶ መንግሥት አዲስ ቤት እንዲሠራ ያስገደደበት ታሪክም አለ። ኤኮ የፈለገው ፖለቲካ በቦታው ነበረ፤ በኋላ ገበያና ጥንቃቄ አስወጡት። ያም ሆኖ እነዚህ ታሪኮች በጠንካራው ክንድ ያምናሉ። ሱፐርማን ማንንም ቢረዳ እሱ ራሱ ምንም አይከብደውም። ስለዚህ ስለ ግፍ ያስተምሩናል እንጂ ስለ ጀግንነት ብዙ አይነግሩንም።

ስለ ጀግንነት የሚነግረን «አሜዚንግ ስፓይደርማን» ቁጥር 33 ነው፤ የፌብሩዋሪ 1966 ዕትም። ከሱፐርማን ጀምሮ እስከ ዛሬ ከታተመው ሁሉ አንድ ብቻ አስቀር ብባል የዚህን ዕትም የመጀመሪያዎቹን አምስት ገጾች አስቀራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒተር ለአክስቱ ለሜይ ደም ሰጥቷቸው ነበር፤ ደሙ በጨረር የተመረዘ ነውና ያዳናቸው መስሎት ለሞት አብቅቷቸዋል። ፈውስ የሚገኝበትን ኬሚካል የጠላቱ የዶክተር ኦክቶፐስ ሰዎች ዘርፈዋል። ፒተር ወንዝ ሥር እስከተሠራው መደበቂያ ድረስ ተከትሏቸው ተዋጋ፤ በውጊያው መሀል አንድ ግዙፍ ማሽን ወደቀበትና ተጫነው። ዕትሙ ሲከፈት ጠላትየው ሸሽቷል። የሚመታ ሰው የለም። የሚያይ ሰው የለም። መድኃኒቱ ያለበት ጣሳ እጁ ከሚደርስበት ጥቂት ራቅ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ ከጣሪያው ውኃ ይንጠባጠባል፤ ጣሪያው መያዙ ብዙ አይቆይም።

ዲትኮ ከዚህ ሁኔታ ያወጣው ጥበብ ምንድን ነው? በመጀመሪያ ቦታን ይነፍገዋል። ሰውየው ከታች ጥግ ላይ የተጨፈለቀ ትንሽ ነገር ነው፤ የቀረውን የሥዕል ክፈፍ ብረቱ ይዞታል። ቀጥሎ ርቀትን ያሳየናል፦ ጣሳው፣ የተዘረጋው እጅ፣ በመካከላቸው ያለው ባዶ ወለል። ከዚያ የአክስቱና የአጎቱ ፊት በሐሳቡ ይመጣል። ይሞክራል፤ አይሆንም። እንደገና ይሞክራል። ሰውነቱ ከወለሉ መላቀቅ ሲጀምር ክፈፎቹም አብረውት እየሰፉ ይሄዳሉ። አምስተኛው ገጽ ሙሉ በሙሉ አንድ ሥዕል ነው፤ ማሽኑ ተነሥቷል፤ ውኃው ይወርዳል፤ ሰውየው ከሥሩ ቆሟል። አንባቢው የክብደቱን መቅለል በቃል ሳይነገረው በገጹ ስፋት ያውቀዋል።

አንድ ሌላ ነገር ብዙ ተቺ ሳያነሳው ያልፋል። የስፓይደርማን ጭምብል ፊትን ሁሉ ይሸፍናል፤ አፍ እንኳ አይታይም። ሱፐርማን ፊቱ ገላጣ ነው፤ የባትማን አገጭ ይታያል። ዲትኮ ግን ጥርስ ሲነከስ፣ ዓይን ሲጨነቅ ማሳየት አይችልም። ስለዚህ ትግሉን ሁሉ ወደ ትከሻው፣ ወደ አንገቱ ጅማት፣ ወለል ላይ ወደተዘረጉት ጣቶቹ ያወርደዋል። ፊት ስለሌለ የምናየው የአንድ ሰው ስሜት ሳይሆን የማንኛውም ሸክም ተሸካሚ ጀርባ ነው። ስታን ሊ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ የጨመረው ንግግር ከሚያስፈልገው በላይ በዝቷል፤ ሥዕሉ የተናገረውን ይደግማል፤ ይሁን እንጂ አልገደለውም። በዚያን ጊዜ ታሪኩን የሚቀርጸው ዲትኮ መሆኑ በመጽሔቱ ላይ ተጽፎ ይወጣ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ በ1966 ትቶት ሄደ። ያለ እሱ ስፓይደርማን ብዙ ወዳጅ አፈራ፤ እንደዚያ ግን ከብዶት አያውቅም።

ካነሣ በኋላስ? ፈውሱ ይገኛል፤ አክስቱ ይተርፋሉ፤ ማን እንዳዳናቸው ግን አያውቁም። ፒተር የቆሰለ ፊቱን ይዞ ፎቶ ሊሸጥ ጋዜጣው ቢሮ ይሄዳል፤ የሚወዳት ቤቲ ብራንት ያን ፊት አይታ አደጋውን መቋቋም አቅቷት ትሸሻለች። የካምቤል ጀግና ለሕዝቡ ስጦታ ይዞ ሲመለስ ይታወቅለታል። ይህ ግን ገንዘብ የሚያስፈልገው ልጅ ነው፤ በሚቀጥለው ወርም ያው ልጅ ነው። አርኪታይፑ ይህ ነው፦ ራሱ ባመጣው ዕዳ ሥር ገብቶ፣ ማንም ሳያይለት፣ ደጋግሞ የሚያነሳ ሰው። ኤኮ ጉድለት ብሎ ያየው ወርሃዊው ድግግሞሽ እዚህ የጀግንነቱ ሁኔታ ሆኗል።

በ2017 የወጣው «ስፓይደርማን፦ ሆምካሚንግ» የማሽኑን ትዕይንት ወስዶ በፍርስራሽ ሥር አደረገው። ልጁ ጭምብሉን አውልቋል፤ በኩሬው ውኃ ላይ ግማሹ የራሱ ፊት፣ ግማሹ ጭምብሉ ሆኖ ይታየዋል፤ የአማካሪው የቶኒ ስታርክ ተግሣጽ ትዝ ይለዋል፤ ራሱን በጀግንነት ስሙ እየጠራ ይነሣል። ተዋናዩ ጎበዝ ነው፤ ፍርሃቱም እውነተኛ ነው። ነገር ግን ጣሳው የለም። የሚጠብቁት አሮጊት የሉም። ጥያቄው «እኔ ማን ነኝ» ወደሚል ተለውጧል። በኮሚኩ ላይ ሰውየው ራሱን ረስቶ ነበር የተነሣው፤ በፊልሙ ላይ ራሱን አግኝቶ ተነሣ። ይህ ትዕይንቱን ማዘመን አይደለም፣ ማራቆት ነው፤ ያራቆተውም ያው ጀግንነትን ሁሉ ራስን ፍለጋ የሚያደርገው የጉዞ ሠንጠረዥ ነው።

አለን ሙርና ዴቭ ጊበንስ በ1986 እና በ1987 በ12 ዕትም ያወጡት «ዎችሜን» የዘርፉ የመጨረሻ ፍርድ ተደርጎ ይወሰዳል። ታላቅ ሥራ መሆኑን አልክድም። የፈተሸው ግን በኃይሉ ሌላውን የሚገዛውን ጀግና ነው፤ በእሱም ላይ በትክክል ፈርዶበታል። ማሽኑ ሥር ስላለው ልጅ ምንም አላለም። በዚያ ልጅ ላይ ከሙር ይልቅ የከበደ ጥያቄ ያነሣው የዚያው መጽሔት የ1973ቱ ቁጥር 121 ነው፤ የፒተር ፍቅረኛ ግዌን ስቴሲ ከድልድይ ስትወድቅ ሊያድናት የወረወረው ድር እግሯን ይይዛል፣ አንገቷ አጠገብም የስብራት ድምፅ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። አነሣ፤ በማንሳቱ ገደለ። ከዚያም መጽሔቱ ቀጠለ።

የእኛ አንባቢ ለዚህ አርኪታይፕ ሩቅ የሚሆንበት ምክንያት አለው። በፉከራና በቀረርቶ ያደገው የጀግንነት ወጋችን ምስክር ይሻል። ጀግናው የአባቱን ስም፣ የገደለበትን ቦታ፣ የፈረሱን ስም ይጠራል፤ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው ማለት ስምን የሚያገዝፍ ሁለተኛ ስም ነበር። የባለ ጭምብሉ ሁለተኛ ስም ግን የመጀመሪያውን ይሰውራል። በአማርኛና በእንግሊዝኛ በ2018 የወጣው የኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» እዚህ መገናኛ ላይ የቆመ ሥራ ነው፤ አማኑኤል ጥላሁን አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ምሩቅ ሳለ ልዩ ኃይል ያገኛል። ስለ እሱ ሲነገር የሚጎላው ኃይሉና ኢትዮጵያዊነቱ ነው። እኔን የያዘኝ ሥራ ፍለጋው ነው። ማመልከቻ ይዞ ደጅ የሚጠና ሰው ኃይል ስላገኘ ብቻ ኪሱ አይሞላም፤ ጭምብሉም የሥራ ልምድ ተብሎ አይጻፍለትም። ታሪኩ ይህን ችግር ከኃይሉ በኋላም አብሮት እንዲዘልቅ ካደረገ፣ የዲትኮ ልጅ በአማርኛ ወንድም አግኝቷል ማለት ነው።