የትምህርት ቤት ማሳሰቢያ ለማን ይጻፋል? በጌዴኦ ትምህርት ቤቶችና ወላጆች መካከል ስለሚተላለፍ መልእክት የቀረበ ሂስ

አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የትምህርት ዘመኑን የሚከፍተው በማስታወቂያ ነው፤ የሚዘጋውም በማስታወቂያ ነው። የምዝገባው ቀን፣ የደንብ ልብሱ ዓይነት፣ የወላጆች ስብሰባ፣ የፈተናው ጊዜ፣ የሪፖርት ካርድ መስጫው ዕለት፣ ሁሉም በአጭር ጽሑፍ ተዘጋጅቶ በግቢው በር ላይ ይለጠፋል፤ አለዚያም በጠዋቱ ሰልፍ ላይ ለተማሪዎች ይነበባል። ስለ መማሪያ መጻሕፍት፣ ስለ ማስተማሪያ ዘዴና ስለ ፈተና አወጣጥ ብዙ ተጽፏል፤ ስለዚህች አጭር ወረቀት ግን እምብዛም አልተጻፈም። ይሁንና ከሪፖርት ካርድ በስተቀር ትምህርት ቤት በቀጥታ ለወላጅ የሚጽፈው ይህንኑ ብቻ ነው። አንድ ልጅ ከትምህርት ሲቀር ወይም ሲያቋርጥ ምክንያቱ «የወላጆች ግንዛቤ ማነስ» ተብሎ በየሪፖርቱ ይመዘገባል። ይህ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መቅደም ይኖርበታል፤ ወላጁ አልሰማም ከመባሉ በፊት ትምህርት ቤቱ በሚሰማ አኳኋን ተናግሯልን?

ጥያቄውን በደፈናው ከማንሣት አንድ አካባቢ መርጦ መመርመር ይበጃል። የጌዴኦ ዞን ለዚህ ተስማሚ ነው። ዋና ከተማው ዲላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ይገኛል። ቀድሞ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረው ይህ አካባቢ ከነሐሴ 1915 ወዲህ ሳይሆን፣ ገና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ የሚተዳደር ነው። ሕዝቡ እንሰትን፣ ቡናንና ዛፍን በአንድ ማሳ አጣምሮ በማልማት ይታወቃል፤ ይህም መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ ከ840 ሺህ በላይ ነበር። መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ፣ ኑሮውም በቡና ወቅት የሚመራ በመሆኑ፣ ትምህርት ቤትና ቤተሰብ የሚገናኙበትና የሚተላለፉበት ቦታ በግልጽ ይታያል።

የማሳሰቢያው አነጋገር

የትምህርት ቤት ማሳሰቢያ የተወለደው ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። መመሪያ ከሚኒስቴሩ ወደ ክልሉ ትምህርት ቢሮ፣ ከቢሮው ወደ ዞን መምሪያ፣ ከመምሪያው ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ርእሰ መምህሩ ይወርዳል። በየእርከኑ ፊርማውና ማኅተሙ ይለወጣል እንጂ ቃሉ ብዙም አይለወጥም። በመጨረሻ «ለተማሪ ወላጆች በሙሉ» ተብሎ ይጀመርና «በጥብቅ እናሳስባለን» ተብሎ ይዘጋል። በመካከሉ ያለው ግሥ ሁሉ ትእዛዝ ነው።

የዚህ አጻጻፍ ጉድለት ትሕትና ማጣቱ ብቻ አይደለም። ከዚያ የከፋው ጉድለት ምክንያትን አለመናገሩ ነው። ተማሪዎች በሰዓቱ እንዲገኙ ያዛል፤ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ምን እንደሚሰጥና ያን ያጣ ልጅ ምን እንደሚጎድልበት ግን አያስረዳም። ወላጅ ስብሰባ እንዲመጣ ያዛል፤ በምን ጉዳይ ሐሳቡ እንደሚጠየቅ አይገልጽም። የወላጅን ግዴታ ይዘረዝራል፤ ትምህርት ቤቱ በበኩሉ የሚፈጽመውን አይጨምርም። እንዲህ ያለው ጽሑፍ መመሪያው መድረሱን ለወረዳው ያረጋግጣል፤ ለቤተሰቡ የሚሰጠው ዕውቀት ግን ጥቂት ነው።

በዚህ ላይ «ወላጅ ይዘህ ና» የሚለው የቆየ ልማድ ይታከላል። ልጁ ሲያጠፋ እንጂ ሲሻሻል ወላጅ የመጥራት ልማድ አልዳበረም። ከዚህም የተነሣ ከትምህርት ቤት የሚመጣ መልእክት ሁሉ በቤት ውስጥ የክስ መጥሪያ መስሎ ይታያል። ከዓመት ዓመት ለጥፋት ብቻ የተጠራ አባት ለምክክር ሲጠራ ቢቀር ሊያስደንቅ አይገባም።

በአንድ ቤት ሦስት ዓይነት ንባብ

ሁለተኛው ችግር የቋንቋና የፊደል ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ፣ ከእነዚህ አንዱ የጌዴኦ ቋንቋ ነበር፤ የተጻፈውም በግእዝ ፊደል ነው። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ የጌዴኦ ቋንቋ በአንደኛ ደረጃ የመጀመሪያ ክፍሎች የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ፤ የሚጻፈውም በላቲን ፊደል ሆነ። የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ግን አማርኛ ሆኖ ቀጠለ።

ይህ ታሪክ በአንድ ጣሪያ ሥር ሊገናኝ ይችላል። በዘመቻው ማንበብ የተማሩ አያት የራሳቸውን ቋንቋ በግእዝ ፊደል ያነባሉ። ከ1986 ዓ.ም. በፊት ትምህርት የጀመረው አባት የተማረው በአማርኛ ነው። የ3ኛ ክፍል ተማሪዋ ልጅ ደግሞ የጌዴኦን ቋንቋ በላቲን ፊደል ታነባለች። ትምህርት ቤት ገብታ የማታውቀው እናት ከእነዚህ አንዱንም ላታነብ ትችላለች። እንግዲህ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት በግቢው በር ላይ ሲለጠፍ ከአራቱ ሰዎች ለስንቱ ተጻፈ ሊባል ይችላል? በዲላ ከተማ ደግሞ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛና ስልጥኛ የሚናገሩ ቤተሰቦች ስላሉ ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። የዚህ ሂስ ዓላማ የትኛው ፊደል ይሻላል የሚለውን ክርክር መቀስቀስ አይደለም። ዓላማው ማሳሰቢያ የሚጽፍ ትምህርት ቤት በቅድሚያ የአንባቢዎቹን ሁኔታ ማወቅ እንዳለበት ማመልከት ነው።

መልእክቱ የሚደርስበት ወር

ሦስተኛው ጉድለት ከጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። በይርጋጨፌ፣ በወናጎ፣ በኮቸሬና በመሳሰሉት ወረዳዎች የእሸት ቡና ለቀማ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ይካሄዳል። እሸቱ በደረሰ ጊዜ ካልተለቀመ ይበላሻል፤ ለመፈልፈያ ጣቢያ የሚቀርበውም በተለቀመበት ዕለት ነው። ስለዚህ የቤተሰቡ እጅ ሁሉ፣ የልጆችም ጭምር፣ በሥራ ላይ ይውላል። ይህ ወቅት የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ትምህርት ከሚጠናከርበትና ፈተናው ከሚቀርብበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። በለቀማው ጥቂት ሳምንታት የቀረ ልጅ ፈተናው ሲደርስ ወደ ኋላ ቀርቶ ይገኛል፤ ከዚያ የሚከተለው መድገም ወይም ማቋረጥ ነው።

በአንጻሩ ደብተር፣ የደንብ ልብስና መዋጮ የሚጠየቀው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ነው። ይህ ያለፈው ዓመት የቡና ገንዘብ ያለቀበት፣ የአዲሱም ያልገባበት ወር ነው። ወላጁ ገንዘብ በሌለው ጊዜ ገንዘብ ይጠየቃል፤ የልጁ ጉልበት በሚያስፈልገው ጊዜ ልጁን እንዲለቅ ይታዘዛል። ሁለቱም ጥያቄዎች በራሳቸው ትክክል ናቸው፤ የተነገሩበት ወቅት ግን አልታሰበበትም። ከዚህም በላይ ቡሌን የመሰለ ደጋማ አካባቢ ቡና እምብዛም የሌለው፣ ኑሮው በእንሰትና በገብስ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ለወናጎ የሚስማማው ቀን ለቡሌ ላይስማማ ይችላል። ለሁሉም አንድ ሆኖ የሚወርድ ማሳሰቢያ ይህን ልዩነት ሊያውቅ አይችልም።

መልእክተኛው ልጅ

አራተኛው ነጥብ የመልእክቱ አድራሽ ነው። በሰልፍ ላይ የተነበበውን ወይም በሚኒ ሚዲያ የተነገረውን ማስታወቂያ ወደ ቤት የሚወስደው ልጁ ነው። ልጁ ሰምቶ፣ ቋንቋ ለውጦ፣ በቃሉ ይዞ ለወላጆቹ ይነግራል። ለ8 ዓመት ልጅ ይህ ከባድ ኃላፊነት ነው። ከዚህም ሌላ መልእክተኛው በጉዳዩ ውስጥ የራሱ ጥቅም አለው፤ የሚያስወቅሰውን ሊያስቀር፣ የገንዘቡንም መጠን ሊያሳስት ይችላል። በቅርብ ዓመታት በከተሞች በስልክና በቴሌግራም መልእክት መላክ እየተለመደ መጥቷል። ይህ መንገዱን ያሳጥራል። ሆኖም ያው ትእዛዝ በስልክ ሲላክ አድራሹ ተለወጠ እንጂ ይዘቱ አልተለወጠም፤ ስልክ የሌለው ቤተሰብም ከቀድሞው ይልቅ ይርቃል።

የዚህ ሁሉ ክብደት ጎልቶ የሚታየው በችግር ጊዜ ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ ቦታዎች በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲፈናቀሉ፣ በጌዴኦ በርካታ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆነው ነበር። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለች እናት ማወቅ የሚያስፈልጋት ልጇ ያለ መሸኛ ይመዘገብ እንደሆነ፣ የትና መቼ እንደሚማር ነው። ካርድና መሸኛ አምጡ ብቻ የሚል የተለመደ ማስታወቂያ ለእንዲህ ያለች እናት የተዘጋ በር ነው። እንዲሁም በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሲዘጉና ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዲሰጥ ሲሞከር፣ ወላጅ በአንድ ቀን የመምህር ረዳት እንዲሆን ተጠየቀ። ከወላጅ ጋር የመነጋገር ልማድ ያልነበረው ትምህርት ቤት ልማዱን በዚያች ሰዓት ሊፈጥር አይችልም።

ለትምህርት ቤቶች የሚሰጥ ፍትሐዊ ፍርድ

ጥፋቱን በርእሰ መምህራን ላይ ብቻ መጫን ተገቢ አይሆንም። ክፍሎቹ የተጨናነቁ፣ ወረቀትና ማባዣ የሚያጥር፣ መምህሩም በስም ጠሪነት፣ በፈተና እርማትና በስብሰባ የተወጠረ ነው። ርእሰ መምህሩ የሚጠየቀውም መመሪያው ተለጠፈ ወይስ አልተለጠፈም ተብሎ ነው፤ ተረዱት ወይ ተብሎ አይጠየቅም። ደንቡን በተመለከተ ጉድለት አለ ለማለት ያስቸግራል። ሕዝቡ በትምህርት ቤት አስተዳደር እንዲሳተፍ በ1960ዎቹ መጨረሻ አዋጅ ቁጥር 103 ወጥቷል፤ በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት አመራርና የኅብረተሰብ ተሳትፎ መመሪያም ለወላጅና መምህር ኅብረት ሰፊ ሥልጣን ሰጥቷል። ነገር ግን ተሳትፎ በተግባር ወደ መዋጮና ወደ ጉልበት ሥራ ብቻ ሲያዘነብል ይታያል። ብራዚላዊው የትምህርት ሊቅ ፓውሎ ፍሬሬ በቺሊ ስለ ግብርና ባለሙያዎችና ስለ ገበሬዎች ግንኙነት በጻፈው፣ በ1969 እ.ኤ.አ. በታተመው ሥራው ዕውቀትን ማድረስና መነጋገር አንድ አለመሆናቸውን አሳይቷል። በትምህርት ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከፊተኛው ወገን ነው።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

መፍትሔው አዲስ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። አንደኛ፣ ማሳሰቢያው ከመውጣቱ በፊት የወላጅና መምህር ኅብረቱ አባላት፣ በተለይም እናቶች፣ ያንብቡት ወይም ይነበብላቸው፤ የሰሙትንም በራሳቸው ቃል መልሰው ይናገሩ። ያልተረዱት ዐረፍተ ነገር ይለወጥ። ሁለተኛ፣ የትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ዕቅድ ከቡናው ወቅት ጋር ተገናዝቦ በየወረዳው ይውጣ። ሦስተኛ፣ ቃሉ በሰው አፍ ይነገር። ጌዴኦ ሶንጎ የተባለ የሽማግሌዎች የመመካከሪያ ጉባኤ ያለው ሕዝብ ነው፤ በዚያ ጉዳይ የሚፈታው በመነጋገር ነው። ሶንጎ እናቶችን ላያገኝ ስለሚችል ግን የገበያ ቀንና የጸሎት ቤት መሰብሰቢያም ሊታከሉ ይገባል። አራተኛ፣ ማሳሰቢያ ሁሉ ጥያቄ ይኑርበት፤ መልሱንም የሚቀበል ሰው ይመደብ።

ለምሳሌ ያህል በጥቅምት ወር በወላጆቹ ቋንቋ እንዲህ ያለ ማሳሰቢያ ቢወጣ ምን ያህል ልዩነት እንደሚኖረው መገመት አያዳግትም፦ «የተከበራችሁ ወላጆች፤ የቡና ለቀማ ደርሷል። ልጆች በሥራ እንደሚያግዟችሁ እናውቃለን። በእነዚህ ሳምንታት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ማባዛትን ይጀምራሉ፤ ይህ ያመለጠው ልጅ ቀጣዩን ለመከታተል ይቸገራል። ልጃችሁ መቅረት ግድ ከሆነበት ቀኑን አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ያመለጠውን ቅዳሜ ጠዋት እናስተምረዋለን። ሥራ የሚበዛባችሁ ቀን የትኛው ነው? በገበያ ቀን ለኅብረቱ አባል ንገሩልን።» ይህ ጽሑፍ ትእዛዝ አልጎደለውም። ነገር ግን ምክንያቱን ይሰጣል፤ ትምህርት ቤቱ የሚፈጽመውን ቃል ይገባል፤ መልስም ይጠብቃል። ቅዳሜ ጠዋት መምህሩ ካልተገኘ ግን ማሳሰቢያው ከቀድሞው ይልቅ ይጎዳል፤ ስለዚህ የማይፈጸም ቃል መጻፍ የለበትም።

በመጨረሻም ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች አንድ ነገር ሊነሣ ይገባል። የሚያቋርጡ ተማሪዎች ቁጥር በየዓመቱ ይሰበሰባል፤ ለወላጆች የተጻፉት ማሳሰቢያዎች ግን አይሰበሰቡም፤ አይመረመሩምም። የወረዳ ሱፐርቫይዘሮች ትምህርት ቤት ሲጎበኙ የትምህርት ዕቅዱን እንደሚያዩ ሁሉ የማስታወቂያ ሰሌዳውንም ቢያዩ፣ በግቢው በር የሚያልፉ ሁለት ሦስት ወላጆችንም ምን እንደተረዱ ቢጠይቁ፣ «ግንዛቤ ማነስ» ከተባለው ውስጥ የወላጁ ድርሻ የትኛው፣ የትምህርት ቤቱ ድርሻ የትኛው እንደሆነ መለየት ይቻል ነበር። ይህ እስካልተደረገ ድረስ በለቀማ ወቅት የቀረውን ልጅ ጥፋት ሙሉ በሙሉ በቤተሰቡ ላይ መመዝገብ ተገቢ አይሆንም።